የአባዬ ፊደልና የቄንጠኛው መስኮት

ሰው በኮምፒውተር በተን ይጣላል? እኛ ቤት ተጣላን። በበተን ቀለም፣ በበተን ጥግ፣ በተኑ ሲነካ ብልጭ ይበል አይበል በሚል ነገር ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተኳርፈን ምሳ ለየብቻ በልተናል። እናታችን ብትኖር ሁለታችንንም ጆሯችንን ይዛ ታስታርቀን ነበር። አባዬ ግን እንደዚያ አይነት ሰው አይደለም፤ እሱ አንዴ እኔን አንዴ ወንድሜን እያየ ሻዩን ይጠጣል።

ወንድሜን ቄንጠኛው እለዋለሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማው ሳይወለወል ከደጅ የማይወጣ ፍጡር ነው። ፕሮግራም ሲጽፍም ያው ነው፤ ነገሩ ገና መሥራቱ ሳይታወቅ መልኩን ያሳምራል። እኔ ደግሞ የውስጥ ሰው ነኝ። ውስጡ ካልሠራ መልኩ ገደል ይግባ ባይ ነኝ። ሁለታችንም በአባዬ ሳሎን ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዳርና ዳር ፊት ለፊት ተፋጥጠን እንሠራለን። ጎረቤቱ ሥራ የፈታን ይመስለዋል።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ የአባዬ እጅ ነው። አባዬ ድንጋይ ላይ ጽሑፍ ቀራጭ ነው። የመቃብር ድንጋይ፣ የሕንፃ ምረቃ ድንጋይ፣ የበር ላይ ስም፣ ሁሉንም በመሮና በመዶሻ። የቀጠሩት የሚሠራበት የድንጋይ ወርክሾፕ ባለቤት የነበሩት ሰውዬ ናቸው፤ እሳቸው ሲሞቱ ወርክሾፑ ለሴት ልጃቸው ሲተላለፍ አባዬም ከመጋዙና ከውኃ ቱቦው ጋር አብሮ ተላለፈ ማለት ይቻላል። ፊደሉ በሩቅ ይታወቃል። የእሱ «መ» ሁለት ጉንጯን ነፍታ የተቀመጠች ናት፤ የእሱ «ጠ» እግሯን ቀጥ አድርጋ ትቆማለች። ሰዎች ለሟቻቸው ድንጋይ ሲያዙ «በሽማግሌው እጅ ይሁንልን» ብለው ነው የሚያዙት።

ከዚያ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘለት፤ እጁ ግን እምቢኝ አለ። መሮው ከመስመር ይወጣል፣ አባዬ ላብ በላብ ይሆናል፣ ማታ ቤት ሲገባ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነው የሚገባው። አዲሷ የወርክሾፑ ባለቤት ታዝባ መቅረጫ ማሽን ገዛች። ማሽኑ ይዞት የመጣው ፊደል ግን ነፍስ የሌለው፣ የመድኃኒት ካርቶን ላይ የሚጻፍ ዓይነት ነው። ደንበኛ ሁሉ ፊቱን አዞረ። ስለዚህ አባዬን ጠርታ «ጋሼ፣ ልጆችዎ ኮምፒውተር ያውቃሉ አይደል? ማሽኑ የእርስዎን ፊደል እንዲያወጣ ካደረጉልኝ አብረን እንቀጥላለን። ካልሆነ ግን…» አለችው። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም፤ አባዬ ግን ጨርሶት መጣ።

«ቤት ካዋላችሁኝ እሞታለሁ» አለን። እንዲሁ፣ ሻዩን እያማሰለ። አባዬ ለማስፈራራት የሚናገር ሰው ስላልሆነ ቄንጠኛውም እኔም ክው አልን።

ጀመርን። እያንዳንዷን ፊደል ከፎቶና ከአሮጌ ድንጋይ ላይ ለቀምን። የቱ ጋ ይጀምራል፣ የቱ ጋ ጠለቅ ይላል፣ የቱ ጋ መሮውን ያነሳል፣ ሁሉንም አባዬ አጠገባችን ተቀምጦ እየነገረን ወደ ኮድ ገለበጥነው። አባዬ አንድ ነገር ብቻ አዘዘን፤ «ፊደሌን አሳልፋችሁ እንዳትሰጡ። ፕሮግራሙን ትውሰድ፤ ውስጡን ግን እንዳታይ። ውስጡን ካየች አንዱን ጎረምሳ ቀጥራ ታሠራበታለች» አለን። እውነቱን ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ዝግ መሆን አለበት ማለት ነው፤ ሰው ይጠቀምበታል፣ ኮዱን ግን አያገኝም።

እዚህ ላይ ነው ፍዳችን የጀመረው። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ፕሮግራም ሲሠራ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን መስኮት፣ በተኑን፣ መጻፊያ ሳጥኑን ከዜሮ ተነስቶ የሚሠራ የለም። ቱልኪት የሚባል የተዘጋጀ ዕቃ አለ፤ እሱን ወስደህ ትገጣጥማለህ። ችግሩ ቱልኪቱ ብዙ ነው፣ እያንዳንዱም የራሱ አመል አለው።

መጀመሪያ ያገኘነው ልቅም ያለ ነበር። ፊደላችንን አሳምሮ ያውቃል፣ ፈጣን ነው፣ በነፃ ነው። እኔ ግን ውል ሳላነብ ምንም የማልነካ ሴት ነኝና ፈቃዱን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። በዚህ ቱልኪት የሠራኸውን ፕሮግራም ለሰው ከሰጠህ፣ ያ ሰው ሙሉ ኮዱን የማግኘት መብት አለው ይላል።

«ማን ነው ያ ሰው?» አለ አባዬ ከሶፋው ላይ።

«የሰጠነው ሰው ነዋ አባዬ። እሷ።»

«እሷ?»

«እሷ።»

«ተዉት» አለና ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰ። ተውነው።

ሁለተኛው የሚሸጥ ነው። ለሻጮቹ ጻፍንላቸው። ስንት ሠራተኛ እንዳለን፣ ስንት አገር ውስጥ እንደምንሸጥ፣ ስለ መጪው ዘመን ዕቅዳችን ጠየቁን። ዕቅዳችን አባዬ ሥራ እንዳይፈታ ነው ብሎ መጻፍ አማረኝ። ዋጋውን ሲነግሩን ቄንጠኛው ጮክ ብሎ ሳቀ፤ ያው ሳቁ ከማልቀስ የማይለይ ዓይነት ነበር።

የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ የእኔ ምርጫ፣ አሮጌ፣ ግራጫ፣ መልኩ የተንኮታኮተ፣ ግን ታማኝ። ዝጋው ብትለው ይዘጋል፣ ማንም ምንም አይጠይቅህም።

«እትዬ፣ በናትሽ! ይሄ እኮ የፋይል ካቢኔት ነው የሚመስለው! ሰው ሲያየው አቧራው ያስነጥሰዋል» አለ ቄንጠኛው።

«ያስነጥሰው! ዋናው መሥራቱ ነው።»

ሌላው የእሱ ፍቅረኛ ነው። አዲስ፣ አንጸባራቂ፣ ሁሉን ነገር ራሱ በራሱ የሚስል። ይሄም መዝጋት ይፈቅዳል። በተኑ ሲነካ ለስለስ ብሎ ይሰምጣል፣ መስኮቱ ሲከፈት እንደ መጋረጃ ይንሸራተታል። እኔ ይሄን ሳይ ጨጓራዬ ይላጣል። ድንጋይ መቅረጫ ቤት ውስጥ፣ በአቧራና በውኃ መካከል፣ በተን መስመጡን ማን ያይልሃል? አንድ ሳምንት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ጉዱ የፈላው ቄንጠኛው እኔን ሳያማክር የራሱን ናሙና ላፕቶፕ ላይ ይዞ ሄዶ ለባለቤቷ ሲያሳያት ነው። እሷም «ይሄ ነው! ሌላ እንዳታሳዩኝ!» አለች። በቃ፣ ተሸነፍኩ። እሱ ድል አድርጎ ሲመለስ ፊቱን ብታዩት!

ፕሮግራሙ ገባ። አባዬ ማሽኑ አጠገብ ወንበር ተሰጠው፤ ጽሑፉን ፊደል በፊደል እየለቀመ በኪቦርድ ይጽፋል፣ በተኑን ይጫናል፣ ማሽኑ የእሱን ፊደል ያወጣል። ማታ ቤት ሲገባ እጁ ከኪሱ ውጪ ነበረች። እኔም እውነቱን ለመናገር የቄንጠኛውን በተን መስደብ ተውኩ።

ከዚያ ባሏ የሞተባት ሴትዮ መጣች።

የታዘዘው ጽሑፍ ቀላል ነበር። ስም፣ ከዚያ ከሥሩ «የልጅነት ባሌ»። አባዬ ጻፈው፣ መስኮቱ ላይ አየው፣ «የልጅነት ባሌ» ይላል፣ በተኑን ተጫነ። ማሽኑ ውኃ እየረጨ ሲቀርጽ ነጩ ጭቃ ሁሉን ስለሚሸፍነው ምንም አይታይም። ሴትዮዋ ዘመዶቿን ይዛ ስትመጣ ነው ድንጋዩ የታጠበው። ታጥቦ ሲያበቃ «የልጅነት ባል» ይላል።

«የማን ባል?» አለች ሴትዮዋ። «የማን ባል ነው የምላችሁ? የሰፈሩ ነው?» ብላ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተደፍታ እሪ አለች። አብሯት የመጣው ወንድሟ አባዬን በዓይኑ ሊበላው ምንም አልቀረውም። አባዬ ተሳስቼ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ጥፋቱ የእሱ ነው ብሎ አምኖ ነው የጠየቀው። የወርክሾፑ ባለቤት ድንጋዩን ከራሷ ተክታ፣ ሴትዮዋን ሸኝታ፣ አባዬን ለብቻው ጠርታ «ጋሼ፣ ሌላ ድንጋይ እንዲህ ከሆነ ማሽኑንም እሸጠዋለሁ፣ እርስዎም ያርፋሉ» አለችው።

እኔ ይሄን ስሰማ ንዴቱ አናቴ ላይ ወጣ። አባዬ ፊደል አይስትም። እጁ ይንቀጠቀጣል እንጂ ዓይኑ ደህና ነው። ቄንጠኛውን በኮሌታው ጎትቼ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኩት።

«ሞክረኸዋል አይደል ይሄን ነገር?»

«ሞክሬዋለሁ እንጂ! መቶ ጊዜ!»

«ምን ብለህ እየጻፍክ?»

«ሰላም ብዬ ነዋ።»

«ሁልጊዜ?»

«እና ምን ልበል? ሰው ሲሞክር ሰላም አይደል የሚለው?»

ሰላም! መጨረሻዋ «ም» ናት፣ ሳድስ። ኪቦርዱን አንዴ ስትነካ ሳድሱ ይወጣል፤ አናባቢ ስትጨምርበት ሳድሱ ተለውጦ ሌላ ይሆናል። «ል» ትነካለህ፣ ከዚያ አናባቢዋን፣ «ሌ» ትሆናለች። የቄንጠኛው ቆንጆ ቱልኪት ይሄን ለውጥ መስኮቱ ላይ አሳምሮ ይስለዋል፤ ውስጥ የሚያስቀምጠው ግን ቀጣይ ፊደል ሲመጣ ብቻ ነው። ቀጣይ ፊደል ካልመጣ ያቺ የመጨረሻዋ አናባቢ ተውጣ ትቀራለች። ሰላም ላይ የምትዋጥ ነገር የለማ! ባሌ ላይ ግን አለች። እናቴ ላይ አለች። ልጄ ላይ አለች። ሰው ለሞተበት ሰው የሚጽፈው ቃል ሁሉ «የእኔ» የሚለውን መጨረሻው ላይ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ይሄ የተኳኳለ ዕቃ ደግሞ ቆርጦ የሚያስቀረው እሱን ነው። ጠረጴዛውን ስመታው የአባዬ ብርጭቆ ወደቀ።

ለቱልኪቱ ሠሪዎች ጻፍን። «ስሕተት አይደለም፤ የኪቦርድዎን አጠቃቀም ያስተካክሉ» የሚል መልስ መጣልን። የኪቦርዴን አጠቃቀም! ያን ቀን የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም።

ቄንጠኛው አንድ ዘዴ አገኘ። መጨረሻ ላይ ስፔስ፣ ባዶ ቦታ የሚተወው ቁልፍ፣ ከተመታ አናባቢዋ አትዋጥም። «በቃ፣ አባዬ ሲጨርስ አንዴ ስፔስ ይምታ» አለ። አባዬም እሺ አለ። እውነት ለመናገር ሠራ። ባሌም እናቴም በትክክል ወጡ። አንድ ቀን አባዬ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሳለ የስፔሱን ነገር የማታውቀው ባለቤቷ ራሷ «ውድ እናቴ» ብላ ሞክራ «ውድ እናት» ወጣባት፤ ደግነቱ በሙከራ ስባሪ ላይ ነው። «ይሄ ነገር የሚታዘዘው ለጋሼ ብቻ ነው መሰለኝ» ብላ ስቃ፣ አባዬ እስኪመጣ ጠበቀች። አባዬ ይሄን ቤት መጥቶ ሲያወራልን ደስ ብሎት ነበር።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የአባዬ ጣት እኮ ትንቀጠቀጣለች። አንዴ ምታ ሲሉት ሦስቴ ትመታለች፤ ትርፉ ስፔስ መሃል ላይ መዋል ያለበትን መስመር ወደ ግራ ይገፋዋል። አንድ የበር ስም ተንጋዶ ወጣ። ደንበኛው ሳይመጣ ስላዩት ገጹ ተሞርዶ እንደገና ተቀረጸ። ነገ ሌላ ድንጋይ ይበላሻል፣ ከነገ ወዲያ አባዬ ቤት ይውላል፤ እኔ የሚታየኝ ይሄ ነበር።

«ወደ ግራጫው እገለብጠዋለሁ» አልኩ።

«እትዬ፣ እየሠራ ነው እኮ፣ ተይው።»

«በስፔስ? ሰው ስፔስ ረስቶ ከሥራ ይባረር?»

«አባዬ አይረሳም። አባዬን አታውቂውም?»

«አንተ ዝም በል! አንተ ባመጣኸው ጣጣ ነው እዚህ የደረስነው!»

ብቻዬን ቁጭ ብዬ ገለበጥኩት። የማይወደኝ ሁሉ እንዲህ ያለ ሥራ ይግጠመው። ያ ግራጫ ቱልኪት በበኩሉ ክፉ ሽማግሌ ነው፤ አንዱን ስታስተካክል ሌላውን ይደብቅብሃል። ግን ጨረስኩት። መጨረሻ ላይ ቄንጠኛው ራሱ ሹልክ ብሎ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ በተኖቹን አሰለፈልኝ፤ ቀለም ልቀባ ብሎም አልጠየቀኝ። ባሌ፣ እናቴ፣ ልጄ፣ እህቴ፣ ጓዴ፣ ያልሞከርነው የለም። አንዲትም አናባቢ አልተዋጠችም።

ወስደን ጫንነው። ወርክሾፑ ውስጥ መጋዙ ይጮኻል፣ መሬቱ በነጭ ጭቃ ይንሸራተታል። አባዬ የሥራ ሽርጡን ታጥቆ ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ሲል ባለቤቷ «ቆይ ጋሼ፣ እኔ ልሞክረው» አለችና ተቀመጠች። ግራጫውን አይታ አፍንጫዋን ነፋች። ምንም አልመሰለኝም። «ውድ እናቴ» ብላ ጻፈች። ስፔስ አልመታችም። በተኑን ተጫነች፣ ማሽኑ ተነስቶ ሠራ፣ ውኃ አፈሰሰችበት። «ውድ እናቴ።» የአባዬ «መ» ባይኖርበትም፣ የአባዬ «ና» ናት፣ የአባዬ «ቴ» ናት፣ ከነኩራቷ።

ቄንጠኛው ጎኔን ወጋ አደረገኝ፤ እንኳን ደስ አለሽ ማለቱ ነው። እኔም ደስ ብሎኛል። ልክ ነበርኩ አይደል?

ባለቤቷ ሌላ ጻፈች። አሁንም ልክ። ሌላ። አሁንም ልክ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ አባዬን አየችው። ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ» አለች፣ «ከአባቴ ጋር ለፍተዋል፣ ከእኔም ጋር ለፍተዋል። ይሄን የመሰለ ነገር ካስረከቡኝ በኋላ በዚህ ብርድና ውኃ መካከል ባቆምዎ እግዜርም አይወደው። ከነገ ጀምሮ ይረፉ። ይሄንን እኮ እኔም እችለዋለሁ።»

መጀመሪያ የሰማሁት አልመሰለኝም። ከዚያ አፌ ቀደመኝ። «እንዴት ነው የሚያርፈው? ፊደሉ የእሱ ነው! ኮዱን አልሰጠንዎትም እኮ! ኮዱ ዝግ ነው፣ ማንም…»

«ኮዱን ማን ጠየቀሽ የኔ ልጅ?» አለች፣ ግራ ገብቷት። «እኔ ኮድ ምን ያደርግልኛል? በተኗን ተጫንኩ፣ ፊደሉ ወጣ።»

በየፈቃዱ ውስጥ ስቆፍር፣ የቱ ይዘጋል የቱ ይከፍታል ስል፣ ከወንድሜ ጋር ስናከስ የከረምኩት እኔ የበተኗን ነገር አንዴም አላሰብኩበትም ነበር። ቄንጠኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የፊተኛውን ልመልሰው?» አለኝ በሹክሹክታ። ላፕቶፑን ይዟል። አየሁት። የምሩን ነበር የሚጠይቀኝ፣ ዓይኑ ቀልቷል። መመለስ ይቻላል። ተሳስተናል፣ ይሄኛው ችግር አለበት ብሎ ያንን ለአባዬ ብቻ የሚታዘዘውን መጫን ይቻላል። አዎ ልለው አፌን ከፈትኩ።

አባዬ ግን ድንጋዩ ዘንድ ሄዶ ነበር። በእጅጌው ውኃውን ጠረገ፣ ጎንበስ ብሎ እያንዳንዷን ፊደል በጣቱ ዳሰሳት፣ ጣቱ እየተንቀጠቀጠች። ከዚያ ቀና ብሎ ሁለታችንን አየና «አንድ እንከን የለበትም» አለ። «እኔ ራሴ ብቀርጸው እንዲህ አላወጣውም። ጎበዞች ናችሁ።» በሰው ሁሉ ፊት ነው እንዲህ ያለን። ቄንጠኛው ላፕቶፑን ዘጋው።

አባዬ ባለቤቷን «ለአባትሽም ለአንቺም እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ አመሰገናት። መሮዎቹን ከመደርደሪያው ላይ ለቅሞ በጨርቅ ጠቀለለ። ሽርጡን ሊያወልቅ እጁን ወደ ኋላው ሰደደ፤ ቋጠሮው ግን በእርጥበቱ ጠብቋል፣ ጣቶቹም አልታዘዙትም። ደጋግሞ ሞከረ።

«ነይ እስቲ ፍቺልኝ» አለኝ።

ሄጄ ፈታሁለት።